ካታሎጉ «ምንም አልተገኘም» ሲል፦ የስላቭ ቋንቋዎች ምንጭ ፍለጋን ስለ ማስተማር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም መልስ የሰጠንባቸው አራት ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነገር ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለሚሠሩ አሥር የታሪክ ተማሪዎች ኢትዮጵያ ከሩሲያ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ጋር ስለነበራት ግንኙነት የተጻፉ ምንጮችን አፈላለግ እንዳስተምር ተጠይቄአለሁ። ሩሲያኛ የሚያነብ ከመካከላቸው አንድ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ የሚሰጠኝ ለአራት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራረጣል። ከየት ልጀምር? — ወ/ሮ ዘ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ወይዘሮ ዘ.፣ ካታሎግ በመክፈት አይጀምሩ። በዚህ ዘርፍ ፍለጋ በአብዛኛው የሚከሽፈው ምንጩ ስለጠፋ ሳይሆን ስሙ ካታሎጉ በሚያውቀው መልክ ስላልተጻፈ ነው። ተማሪው አንዴ ጽፎ ባዶ መልስ ሲያይ «የለም» ብሎ ይነሣል። ከአራቱ ጊዜያት ሁለቱን ለፊደልና ለስም አጻጻፍ መስጠት ይበዛል የሚል መምህር አይጠፋም፤ እኛ አይበዛም ባዮች ነን።

የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያሳልፉት። ሩሲያኛ ማወቅ ከተማሪዎቹ አይጠበቅም፤ 33ቱን ፊደላት ለይቶ የመጽሐፍ ርዕስና የደራሲ ስም በድምፅ ማውጣት ግን ግድ ነው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። የሚያስቸግሩት እንግዳ ቅርፅ ያላቸው ሳይሆኑ የሚታወቁ የሚመስሉት ናቸው፦ የላቲኑን ቢ የሚመስለው «ቭ»፣ ኤችን የሚመስለው «ን»፣ ፒን የሚመስለው «ር»፣ ሲን የሚመስለው «ስ»፣ ዋይን የሚመስለው «ኡ»፣ ኤክስን የሚመስለው «ኽ» ነው። እነዚህን ስድስቱን በአንድ ወረቀት ለብቻቸው ያውጡና ተማሪዎቹ በሚያውቋቸው የከተማ ስሞች ያለማምዷቸው። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች በደሴም በኮምቦልቻም አይጠፉም፤ አንዳቸውን ለአንድ ሰዓት ቢጋብዙ ድምፁን ከአፋቸው ይሰማሉ። ፊደሉን በቅደም ተከተል ማወቅም ወደ በኋላ ስለሚያስፈልግ ችላ አይበሉት።

በዚያው ቀን የሩሲያኛ ኪቦርድ መጫን አለበት። በስልክ ላይ ከቋንቋ ምርጫው ሩሲያኛን መጨመር ብቻ ይበቃል። በክፍሉ ኮምፒውተሮች ግን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሊጠየቅ ስለሚችል የአይቲ ባለሙያውን አስቀድመው ያነጋግሩ። ዊንዶውስ ላይ በድምፅ የሚሠራውን አቀማመጥ ይምረጡ፤ የላቲኑን ኬ ሲጫኑ «ክ» የሚጽፈው እሱ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ የሲሪሊኩ (የሩሲያኛው ፊደል) «አ»፣ «ኦ»፣ «ስ»፣ «ር»፣ «ኽ» ከላቲኖቹ ጋር በዓይን ፈጽሞ አይለዩም፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ናቸው። ተማሪው ኪቦርዱን ሳይቀይር አንዲት «ኦ» በላቲን ካስገባ ቃሉ በስክሪኑ ላይ ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ቃሉን ማረም አያዋጣም፤ ሙሉ በሙሉ ደምስሶ እንደገና መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ የስም ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከጥናቱ ርዕስ አምስት ስሞችን ያውጣና ለእያንዳንዱ አራት ዓምድ ይሙላ፦ በሲሪሊክ፣ በአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የላቲን አጻጻፍ፣ ቆብ ባላቸው ፊደላት በሚጻፈው የሳይንሳዊ አጻጻፍ፣ በመጨረሻም በጋዜጣና በተራ መጽሐፍ በተለመደው አጻጻፍ። ደራሲውን ቼኾቭን ለምሳሌ ይውሰዱ። በኮንግረሱ አጻጻፍ «ች» በሲና በኤች፣ «ኽ» በኬና በኤች ይጻፋል። በሳይንሳዊው «ች» ቆብ የደፋች አንዲት ሲ ትሆናለች። ጀርመኖች ስሙን በቲ-ኤስ-ሲ-ኤች ጀምረው በደብሊው ይጨርሱታል፤ ፈረንሳዮች በቲ-ሲ-ኤች ይጀምራሉ። በ«ስኪ» የሚያልቁ ስሞችም እንዲሁ ናቸው፦ በእንግሊዝኛ ልማድ መጨረሻቸው ዋይ ነው፤ በኮንግረሱ አጻጻፍ ሁለት አይ ይሆናል። «ዩ» እና «ያ» በልማድ በዋይ፣ በኮንግረሱ በአይ ይጀምራሉ። የዓለም ቤተ መጻሕፍትን ያጣመረው ወርልድካት ውስጥ ያሉት የሩሲያኛ መዝገቦች በብዛት የኮንግረሱን ስለሚከተሉ፣ ጊዜ ካጠረዎት አጠንክረው የሚያስተምሩት እሱን ነው።

የእኛ ስሞች ወደ ሩሲያኛ ሲገቡ የሚደርስባቸው ደግሞ የባሰ ነው። ሩሲያኛ «ወ» የለውም፤ ስለዚህ ወሎ «ኡኦሎ»ም «ቮሎ»ም ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ወልደ ደግሞ «ቮልደ» ይሆናል። «ሀ» ወደ «ኽ» ትሄዳለች፣ ስለዚህ ኃይለ ሥላሴ በኤክስ በሚመስለው ፊደል ይፈለጋሉ። ጠ፣ ቀ እና ጨ ከተ፣ ከከ እና ከቸ ጋር ይደባለቃሉ። ለደሴ ቢያንስ ሦስት መልክ ይሞከር፦ «ዴሴ»፣ «ዴሲ»፣ «ዴሲዬ»።

አገራችን ራሷ በሁለት ስም ነው የምትፈለገው። ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በፊት በታተሙት ሥራዎች «አቢሲኒያ» ይበዛል፣ ከዚያ ወዲህ «ኤፊዮፒያ»። በሩሲያኛ የቃል መጨረሻ እንደ አገባቡ ስለሚለዋወጥ ሙሉውን ቃል መጻፍ ግማሹን ውጤት ያስቀራል። «ኤፊዮፕ» እና «አቢሲን» ድረስ ጽፎ የኮከብ ምልክት (*) ማድረግ የተሻለ ነው። ኮከብ የማይቀበል ካታሎግ ካጋጠመ የቃሉን ሁለት ሦስት መጨረሻዎች በየተራ ይሞክሩ። ከ1918 በፊት የታተመ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የፊደል ማሻሻያው ከመደረጉ በፊት ሩሲያኛ ልክ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ የሆነ ትርፍ ፊደላት ነበሩት፤ በተነባቢ በሚያልቅ ቃል መጨረሻ ላይም ድምፅ የሌላት ምልክት ይጨመር ነበር። ኢትዮጵያ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ፍ» እንኳ የምትጻፈው ዛሬ በሌለ ፊደል ነበር። አንዳንዱ ካታሎግ ርዕሱን ወደ አዲሱ አጻጻፍ ለውጦታል፣ አንዳንዱ እንዳለ ትቶታል። ርዕስ አልገኝ ካለ በደራሲና በዓመት መፈለግ ይቀላል።

በሦስተኛው ቀን ካታሎግ ይከፈታል። ከሁሉ በፊት ግን ሥራው መተርጎሙ ይጣራ። የሩሲያዊው መኮንን የአሌክሳንደር ቡላቶቪች ሁለት መጻሕፍት፣ የ1897ቱና ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ስላደረገው ጉዞ የሚተርከው የ1900ው፣ በ2000 በአንድ ጥራዝ በእንግሊዝኛ ወጥተዋል። ሩሲያኛ የማያነብ ተማሪ ዋናውን ሲያሳድድ ሳምንታት ማባከን የለበትም፤ ለጥቅስ ማመሳከሪያ ብቻ በ1971 ሞስኮ የታተመውን ይፈልግ። የ1977–78ቱን የሶማሊያ ጦርነት ለሚያጠናም በዋሽንግተን የዊልሰን ማዕከል ዲጂታል መዝገብ ውስጥ የሶቪየት አምባሳደር ራታኖቭ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ያደረጋቸው ንግግሮች ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በነፃ ይገኛል። እኛ ብንሆን ትምህርቱን በዚህ እንጀምር ነበር፤ ተማሪው በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛልና።

ከዚያ ወርልድካት፣ ቀጥሎ ሁለቱ ታላላቅ የሩሲያ ቤተ መጻሕፍት። ሞስኮ ያለው የሩሲያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት በ1862 የተመሠረተው ሲሆን ከ1925 እስከ 1992 የሌኒን ቤተ መጻሕፍት ይባል ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የሩሲያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1814 ለአንባቢ የተከፈተው ነው። በድሮ የግርጌ ማስታወሻዎች የመጀመሪያው «ጌ ቤ ኤል»፣ ሁለተኛው «ጌ ፔ ቤ» ተብለው በምሕጻረ ቃል ይጠቀሳሉ፤ ተማሪ አንዱን ለሌላው ይወስዳል። የፒተርስበርጉ ቤተ መጻሕፍት ከ1725 እስከ 1998 ለታተሙ የሩሲያኛ መጻሕፍት የነበረውን የካርድ ካታሎግ በፎቶ አንስቶ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። በቃል አይፈለግም፤ እንደ መሳቢያ በፊደል ተራ ይገለጣል። የ33ቱን ፊደላት ቅደም ተከተል ያጠኑበት ምክንያት ይኸው ነው። በኤሌክትሮኒኩ ያጡትን ብዙ ጊዜ እዚህ ያገኙታል።

በርዕሰ ጉዳይ ሲፈለግ የአሜሪካው ሥርዓት ሩሲያን በሦስት ይከፍላታል፦ ለዛሩ ዘመን «ሩሲያ»፣ ከዚያ እስከ 1991 «ሶቪየት ኅብረት»፣ ከዚያ ወዲህ «ሩሲያ ፌዴሬሽን»። በአንዱ ብቻ የፈለገ ተማሪ ሁለቱን ዘመን ሳያይ ይቀራል። በራስዎ መደርደሪያ የዴዊን የመጻሕፍት አመዳደብ የምትጠቀሙ ከሆነ 963ን (ኢትዮጵያ)፣ 947ን (ሩሲያ) እና 891.7ን (የሩሲያኛ ሥነ ጽሑፍ) አብረው ያሳዩአቸው፤ ስለ ሁለቱ አገሮች የሚናገር መጽሐፍ በየትኛውም ሊቀመጥ ይችላል።

መጽሔቶች ስማቸውን ይለዋውጣሉ። «ናሮዲ አዚ ኢ አፍሪኪ» በ1961 ጀምሮ በ1990 በዚህ ስም ቆመ፤ ከ1991 ጀምሮ «ቮስቶክ» ነው። የ1993ን ዕትም በአሮጌው ስም የሚፈልግ ሰው ውኃ ይወቅጣል። ለአዳዲስ መጣጥፎች ሲበርሌኒንካ የተባለው መዝገብ ሙሉ ጽሑፍ በነፃ ይሰጣል።

አራተኛው ቀን የፈተና ነው። እያንዳንዱ በራሱ ርዕስ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ መጣጥፍና አንድ የመመረቂያ ጥናት ፈልጎ መዝገባቸውን ያምጣ። ከውጤቱ ይልቅ የፍለጋ ማስታወሻውን ይመልከቱለት፦ ቀኑ፣ የተፈለገበት ቦታ፣ የተጻፈው ቃል እንዳለ ተገልብጦ፣ የተገኘው ብዛት፣ ቀጥሎ የተሞከረው። አራት የአጻጻፍ መልክ ሳይሞክር «አልተገኘም» የጻፈ ተማሪ እንዲመለስ ይደረግ። ሁለት ለሁለት በአንድ ኮምፒውተር ቢቀመጡ ይሻላል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ፊደሉን ያያል። ለኔትወርኩ መላው የእያንዳንዱን ካታሎግ ገጽና የውጤት ዝርዝር ባለፈው ምሽት በስክሪንሾት አንስቶ በፍላሽ መያዝ ነው፤ መስመሩ ቢጠፋ በምስሉ ይቀጥላሉ።

ተማሪዎቹን ወደ አዲስ አበባ ከመላክዎ በፊት ዝርዝሩ ያለቀ ይሁን። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን ስለሚሰበስብ መታየቱ አይቀርም፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚያ ፊደል መቁጠር ግን የአበል ብክነት ነው።

*

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ መምህር ስሆን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን የጻፏቸውን የዶክትሬት ጽሑፎች እንድፈልግ ነግረውኛል። የሁለት ሰዎች ስም አለኝ፣ በየትም ግን አላገኘኋቸውም። — መ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን መ.፣ የያዙት ስም የአማርኛው ነው ብለን እንገምታለን። የሶቪየት ጸሐፊዎች መዝገብ ሲይዙ የኛን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየቆጠሩ ፊት አስቀድመውታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የራስን ስም ፊት ትተዋል፣ የአያት ስም የተጨመረበትም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው በራሱም በአባቱም በአያቱም ስም ይፈልጉ፣ ከላይ ለወይዘሮ ዘ. ባልነው የፊደል ለውጥ። ስሙ ጨርሶ እምቢ ካለ ሰውየውን ይተዉና በርዕስ ይግቡ፦ «ኤፊዮፕ» ከኮከብ ጋር፣ የመመረቂያ ጥናት በሚለው ዓይነት ተጣርቶ፣ ዓመቱም ተገድቦ።

የሚፈልጉት ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ይወቁ። አንደኛው ሙሉው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው «አቭቶሬፌራት» የሚባለው ማጠቃለያ ሲሆን ተማሪው ጥናቱን በገምጋሚዎች ፊት ከሚከላከልበት ቀን በፊት ታትሞ ለቤተ መጻሕፍትና ለባለሙያዎች የሚላክ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 24 ገጽ ይሆናል፤ ጥናቱ የተሠራበትን ተቋም፣ አማካሪውን፣ ተቃዋሚ ገምጋሚዎቹን፣ የመከላከያውን ቀንና ጸሐፊው ያሳተማቸውን መጣጥፎች ይዘረዝራል። ለእርስዎ ዓይነት ጥናት ማጠቃለያው ከሙሉው ይልቅ ይጠቅማል፤ ስለ ሰውየው የተማሪነት ሕይወት የሚናገረው እሱ ነውና። የመጀመሪያውም ገጽ የልዩ ሙያ ቁጥር ይይዛል፤ ለምሳሌ 07.00.03 ለአጠቃላይ ታሪክ የሚሰጥ ነበር።

የመመረቂያ ጥናቶች ከ1944 ጀምሮ የሚሰበሰቡት በሞስኮው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው። የሕክምናዎቹ ግን በሶቪየት ዘመን የሚሄዱት ወደ ሌላ፣ ወደ ማዕከላዊው የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ከሁለቱ ሰዎችዎ አንዱ ሐኪም ከሆኑ ያጡበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። «ካንዲዳት» የተባለው ማዕረግ በአገራችን እንደ ፒኤችዲ የተያዘው ነው፤ «ዶክቶር ናውክ» ከዚያ በላይ ነው። «ዶክትሬት» ብሎ ያጣራ ሰው ካንዲዳቶቹን በሙሉ ከዝርዝሩ ያስወጣል።

ሁሉንም ሞክረው ካቃተዎት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ማጣቀሻ አገልግሎት የሌላ አገር ተመራማሪዎችንም ጥያቄ ይቀበላል። በእንግሊዝኛ፣ ባጭሩ፣ ያለዎትን መረጃ እንዳለ፣ ከየት እንዳገኙትና የት የት እንደፈለጉ ጽፈው ይላኩ። «ስለ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ያላችሁን ላኩልኝ» ለሚል ደብዳቤ ግን ማንም ረጅም መልስ አይጽፍም።

*

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ደሴ በጠላት ወረራ ዘመን ነው። የሩሲያ ጋዜጦች ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ምን እንደጻፉ ማየት እፈልጋለሁ። ቀኖቹን ግን ማገናኘት አቃተኝ፤ አሮጌ አቆጣጠር የሚባል ነገርም ሰምቻለሁ። — ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን ሰ.፣ ለእርስዎ ዘመን አሮጌው አቆጣጠር አያገባዎትም። ሩሲያ ከጃንዋሪ 31 ቀጥላ ፌብሩዋሪ 14፣ 1918 ብላ ወደ አውሮፓው አቆጣጠር ስለገባች ከዚያ ወዲህ ያለው ቀን ቀጥተኛ ነው። ደሴ የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓው ዲሴምበር 6፣ 1935 ነው፤ ጋዜጦቹን ከዲሴምበር 7 ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያንብቡ። በሁለቱ ዋና ጋዜጦች፣ «ፕራቭዳ» እና «ኢዝቬስቲያ»፣ የውጭ ዜናው በውስጥ ገጽ ከሮምና ከለንደን በመጣ ቴሌግራም መልክ ሊሆን ስለሚችል የፊት ገጹን ብቻ አይተው አይዝጉ። ዲጂታል መዝገቦቻቸው በክፍያ ናቸው። የሶቪየት ፕሬስ ዳይጀስት የተባለው የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚጀምረው በ1949 ስለሆነ እዚያ አይድከሙ።

ስለ ዓድዋ ወይም ከዚያ በፊት የሚሠሩ ጓደኞች ካሉዎት ለእነሱ ግን ነገሩ ይለያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓ ማርች 1፣ 1896 ነው፤ በዚያ ዘመን የሩሲያ ጋዜጣ ላይ ግን ፌብሩዋሪ 18 ነበር። ልዩነቱ በ19ኛው መቶ ዘመን 12 ቀን፣ በ20ኛው 13 ቀን ነው። የኛ አቆጣጠርና የሩሲያው አሮጌ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንዳንድ ቀን ስለሚጨምሩ አንዴ የተሠራ ሠንጠረዥ ለመቶ ዓመትም ያገለግላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ግን አንድ ቀን ይዛነፋል።

ደግሞ ፍለጋዎን በሩሲያኛ አይወስኑት። ስላቭ ሲባል ቼክም ፖላንድም አለ። በጦርነቱ የነበረው ቼካዊው አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈው ማስታወሻ «የሐበሻ ጀብዱ» ተብሎ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ለጥቅስ ግን የ1948ቱን የቼክ ዕትም ያመሳክሩ። ከዛሩ ዘመን የተረፈው ሩሲያዊ መኮንን ኮኖቫሎቭ ደግሞ መጽሐፉን ያሳተመው በጣልያንኛ ነው፤ በሩሲያ ካታሎግ ብቻ ቢፈልጉት ላያገኙት ይችላሉ። በቼክና በፖላንድ ስሞች ላይ ያሉት ቆብና ጭረት በካታሎግ ሲጣሩ ብዙ ጊዜ ያለ እነሱም ይሠራሉ፤ በጽሑፍዎ ሲጠቅሱ ግን ይመለሱ።

*

ጥያቄ፦ የሩሲያኛ ጽሑፍ በስልክ አንስቼ በማሽን እያስተረጎምኩ ብጠቅስ ችግር አለው? በግርጌ ማስታወሻ ያሉት አጫጭር ፊደላትስ ምን ማለት ናቸው? — አ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የትኛው ገጽ እንደሚጠቅም ለመለየት የማሽን ትርጉም ይበቃል። ለጥቅስ አይበቃም። ከ1918 በፊት የታተመ ገጽ ሲሆን ስልኩ አሮጌዎቹን ፊደላት ከሌላ ጋር እያምታታ ያነባል፣ ትርጉሙም ከዚያ ይጀምርና ይበላሻል። ማዕረጎቻችንም ይጠፋሉ፤ «ራስ ሚካኤል» የሚለው በሩሲያኛ «ዘር» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ጉድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሚጠቅሱትን አንቀጽ ብቻ ሩሲያኛ ለሚያውቅ ሰው ያስነብቡ፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ብዙ ሰዓት አይፈጅም።

አጫጭሮቹ እነዚህ ናቸው። ከመጽሐፉ ርዕስ በኋላ ከዓመቱ በፊት ብቻዋን የምትቆም «ኤም» ሞስኮ፣ «ኤል» ሌኒንግራድ ናት፤ የስም መነሻ አድርገው አይያዟቸው። የመዝገብ ቤት ሰነድ በአራት ቁጥር ይጠቀሳል፦ ፎንድ፣ ኦፒስ፣ ዴሎ፣ ሊስት። ፎንድ ክምችቱ፣ ኦፒስ የክምችቱ ዝርዝር፣ ዴሎ ፋይሉ፣ ሊስት ቅጠሉ ነው። ከቅጠሉ ቁጥር በኋላ «ኦብ» የሚል ካለ የቅጠሉ ጀርባ ማለት ነው፤ ከተዉት አንባቢ የሚያገኘው ሌላ ገጽ ነው። ከሌላ ሰው መጽሐፍ ያገኙትን የሰነድ ቁጥር ራስዎ እንዳዩት አድርገው አይጻፉ፤ ያገኙበትን መጽሐፍ ጨምረው ይጥቀሱ።

ዞቴሮ የተባለውን የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የቋንቋውን ቦታ «ሩሲያኛ» በሚል ኮድ ይሙሉት። ካልሞሉት በእንግሊዝኛ ስታይል ሲያወጣ የሩሲያኛውን ርዕስ እያንዳንዱን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምርልዎታል፤ በሩሲያኛ ግን በትልቅ ፊደል የሚጀምሩት የመጀመሪያው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ ናቸው።